ሕጉ የት ይነበባል?

ጥቅምት 9

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለነጠላ ሰረዝ፦

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

«ፍርድ ቤት ስትቆሚ እንዴት አትነግሪኝም? ለዚያውም ሕግ አርቃቂ ወንድም እያለሽ!» ብለህ የላክኸው ማስታወሻ ደርሶኛል። መቆጣትህ ልክ ነው። ግን ስማኝ፤ እኔ የሄድኩት ለምስክርነት የተጠራሁ መስሎኝ ነው። ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም። ሽርጤን እንደታጠቅኩ፣ ሞረዴም በኪሴ እንዳለ ነው በር ላይ የደረስኩት። ጠባቂው ሞረዱን ተቀብሎ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለኝ «የዕለት ጉርሴ» አልኩት። ማታ እመለሳለሁ ብዬ ሱቁን እንኳ በአንድ ጓጉንቸር ብቻ ነበር የዘጋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጤና ጣቢያችንን ነርስ ታውቃታለህ፤ ያቺ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋው። በነሐሴ አንድ ረፋድ ላይ እያለከለከች ሱቄ መጣች። የመድኃኒት ማከማቻው ቁልፍ በሩ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። አንዲት ሕፃን በትኩሳት እየነደደች፣ መድኃኒቷ ከበሩ ወዲያ ነው። ሄድኩ። ስባሪውን በጉጠት አወጣሁት፣ በሩን ከፈትኩ፣ ሕፃኗ መርፌዋን ተወጋች። ከዚያ ሁለቱን ስባሪ ገጥሜ አዲስ ቁልፍ ቀረጽኩላት። ይሄኛውም ቢሰበርባትስ ብዬ አንድ ትርፍ ጨመርኩላት። ወንጀሌ ይኸው ነው፤ የደበቅሁህ ነገር የለም።

ለካስ የመንግሥት ንብረት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያወጣው አንድ መመሪያ አለ። የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንፃን ቁልፍ ያለ መሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስቀረጸ ወይም የቀረጸ፣ ሁለት ዓመት ይታሰራል ይላል። ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሁለቱን ቁልፎች ከነርሷ እጅ አገኙ፤ መዝግበውም መለሱላት። እሷን በማስጠንቀቂያ አለፏት። እኔን ግን «ሙያዋ ስለሆነ ማወቅ ነበረባት» አሉ።

ዳኛውን ጠየቅኳቸው። «ጌታዬ፣ ይሄ ሕግ የት ነው የሚነበበው?» አልኩ። ዳኛው ወደ ዐቃቤ ሕጉ ዞሩ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «በመሥሪያ ቤቱ ይገኛል» አለ። «ደጁ ላይ ተለጥፏል?» ብዬ ጨመርኩ። ራሱም እያፈረ «ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የሚል ማኅተም አለበት» ሲል ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ጠረጴዛውን መትተው፣ ሕግን አለማወቅ ከቅጣት አያድንም አሉኝ። «እንዳይታወቅ የተደበቀውንስ?» አልኳቸው። በመልሱ ፈንታ ሁለት ዓመቱን ሰጡኝ።

እማዬን ወደ አንተ ውሰዳት። «የአንድ ትልቅ ሕንፃ በሮች ላይ ቁልፍ ልትገጥም ሩቅ ሄዳለች» በላት። ልቧን ታውቀዋለህ፤ አታስደንግጣት። አንተም አልቅሰህ ከሆነ ይበቃሃል። ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳምንት ሙሉ የምትከራከር ሰው ለእህትህም ትንሽ ተከራከር።

ይህን ደብዳቤ ከአንተ በፊት የማረሚያ ቤቱ ሰው ያነበዋል። እኔ ጤና ይስጥልኝ ብዬዋለሁ። አንተም ስትጽፍ ሰላም በለው፤ የሰው ደብዳቤ ሲያነብ ውሎ ለራሱ አንድም አይደርሰው ይሆናል።

እህትህ

ጥቅምት 28

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፦

እንደምን ከርመሻል? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ ወይ? ደብዳቤያችንን ለሚያነቡት ወንድማችንም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ባዶ እጄን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

በነርሷ በኩል «ትበላለህ ወይ? ከስተሃል ወይ?» ብለሽ ለላክሽው፣ እበላለሁ፤ አልከሳሁም። እማዬ እዚህ ከመጣች ወዲህ ሳይበሉ መዋል የት ይገኛል! እንዳልሽኝ ነግሬያታለሁ። ችግሩ፣ ስለ ሕንፃው ትጠይቀኛለች። «ስንት ፎቅ ነው? በሮቹ የብረት ናቸው የእንጨት? አጥንቷን ያማታል፣ ደረጃ አያደክማትም?» ትለኛለች። በየምሽቱ አንድ ፎቅ እጨምራለሁ። በዚህ ከቀጠልኩ ሰማይ ልንደርስ ነው።

አሁን ወደ መመሪያው። እትዬ፣ ሥራዬ ሕግ መጻፍ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቷ የማተሚያ ቤቱን ግድግዳ የምታይ ክፍል ውስጥ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሕግ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ይህን መመሪያ ግን ላገኘው አልቻልኩም። ቤተ መጻሕፍታችን የለም። መዝገብ ቤት የለም። በመጨረሻ ራሱ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የእንግዳ መቀበያዋ ሴት ጨዋ ናት፤ የተነጋገርነውን እንዳለ ልጻፍልሽ።

«የመመሪያውን ቁጥር ጽፈው ያመልክቱ።»

«ቁጥሩ ያለው መመሪያው ላይ ነው።»

«እንግዲያው መመሪያውን አይተው ቁጥሩን ይጻፉ።»

«እኮ፣ ላየው ነው የመጣሁት።»

«ለማየት ማመልከት ያስፈልጋል።»

 እሷም ያለችውን የሰማችው ያኔ መሰለኝ፤ ብድግ ብላ ውሃ አመጣችልኝ። መመሪያውን ግን አላመጣችም።

በዚያው ቀን የሕግ ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ቢሮ ገባሁ። ቀድሞ አስተማሪ የነበሩ ሴትዮ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ሰው ሲያነጋግሩ ጠመኔ የያዙ ይመስላሉ። ያንቺን ነገር ከሥር እስከ ጫፍ ነገርኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «በዚህ አገር ሰው ሊታሰርባቸው የሚችሉ ሕጎች ስንት ናቸው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ለፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ስልክ መቱ። እዚያም «ቆጥረን አናውቅም» አሉ። ስልኩን አስቀመጡና «እኛ ስንት እንደሆኑ የማናውቃቸውን፣ ሕዝቡ አንድ በአንድ ይወቃቸው እንላለን?» አሉ። ቀጥለውም «ጻፍ!» አሉኝ።

እየጻፍኩ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰውን የሚያሳስር ነገር ሁሉ፣ በአዋጅም ይሁን በደንብ ወይም በመመሪያ የወጣ፣ በአንድ የሕዝብ መዝገብ ላይ ማንም በሚገባው ቋንቋ ይሰፍራል። መዝገቡን ለማየት ማመልከቻ አያስፈልግም። እዚያ ላይ ያልሰፈረ ነገር ማንንም አያሳስርም። አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ፣ ካሁን በፊት ባልታተመ ሕግ የተፈረደባቸው ሰዎች ጉዳያቸው እንደገና ይታያል ይላል።  ለማን እንደጻፍኩት ታውቂያለሽ።

ታናሽ ወንድምሽ

ኅዳር 21

ለወንድሜ፦

ረቂቁ ደርሶኛል። ደብዳቤ አንባቢያችን ሁለት ቀን አቆይቶ ነው የሰጠኝ። «ይቅርታ፣ መጨረሱን ፈልጌ ነው» አለኝ። የመጀመሪያው አንባቢህ እሱ ነው እንግዲህ።

«ለሴቶቹ አንብቢላቸውና ይገባቸው እንደሆነ ጻፊልኝ» ላልከው፣ አነበብኩላቸው። ክፍላችን ረዥም ናት፤ አልጋዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይደራረባሉ። ከላይ ያሉት እግራቸውን አንጠልጥለው፣ ከታች ያሉት አንገታቸውን አውጥተው ነው የሰሙት። አንቀጽ ሦስትን «በማናቸውም አግባብነት ባለው የሕግ ሰነድ የተደነገገና የወንጀል ኃላፊነትን የሚያስከትል ድርጊት ወይም ግድፈት» ብዬ ስጀምር፣ አንዷ «ይሄም የሚያሳስር ነገር ነው?» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ አንኮራፋች። እውነቴን ነው፣ እያሾፈች አልነበረም።

ከዚያ፣ ማን በምን እንደታሰረ እየተናገርን አመሸን። ችግኝ ሻጯ አለች፤ የሎሚ ችግኝ ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው አሻግራ ነው። የተክል በሽታ እንዳይዛመት የወጣ ክልከላ አለ አሏት። «ክልከላው መልካም ነው፤ እኔም ችግኝ ሲታመም አልወድም። ድንበሩ ላይ አንድ ሰሌዳ ቢያቆሙ ምን ነበረበት?» ትላለች። ሙሽራዋ ደግሞ በሠርጓ ማግሥት ግድብ ፊት ለፊት ቆማ ፎቶ ተነሥታለች። ፎቶው የሚያምር ነበር አሉ፤ አሁን ፋይል ውስጥ ነው ያለው። አንዲት ጎልማሳ ሴት ግን «እኔ እያወቅኩ ነው የሰረቅኩት፤ ለእኔ ብላችሁ ሕግ አታውጡ» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እንዲያም ሆኖ ከሁላችን በላይ የተከራከረችው እሷ ናት። «እኔ ሳደርገው አውቄው ነበር፤ ቅጣቴም ይገባኛል። እነዚህ ግን ከእኔ እኩል መተኛታቸው ያናድደኛል» ትላለች።

የሐሳባቸው ግማሹ የሚረባ አይደለም። አንዷ እያንዳንዱ ሕግ «አደራ» ብሎ ይጀምር ትላለች። ሌላዋ በራዲዮ፣ በዘፈን መሃል ይነበብ ትላለች። አንቀጽ ሦስትህን ግን እንዲህ ብንለው ሁሉም ይገባናል ብለዋል፦ «ሰው በማድረጉ ወይም ባለማድረጉ የሚታሰርበት ነገር ሁሉ»። ነጠላ ሰረዝ የለበትም፤ ቅር አይበልህ።

ስለ ጤንነቴ ደግመህ ደጋግመህ ለጠየቅኸው፣ ደህና ነኝ ብዬሃለሁ። ደህና ያልሆንኩ ቀን እነግርሃለሁ።

እህትህ

ጥር 8

ለውድ እትዬ፦

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ብዛቱ ግን ጨምሯል። ወር ሙሉ ዝም ስላልኩሽ እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«የረቂቁ ስብሰባ እንዴት ነበር? ማን ተቃወመ?» ላልሽው፣ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የሴቶቹ አንቀጽ ሦስት እንዳለ ገብቷል፤ ንገሪያቸው። የተቃወመው የንብረት ጥበቃው መሥሪያ ቤት ነው። ኃላፊው ቆመው «ሕዝቡ ክልከላውን በዝርዝር ካወቀ፣ ማምለጫውንም ያውቃል» አሉ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው «ያቺ ቁልፍ ቀራጭ ክልከላውን ብታውቅ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? ፈቃድ ትጠይቃችሁ ነበር። የፈራችሁት ይህን ነው?» ሲሏቸው አዳራሹ አጨበጨበ።

ጭብጨባ ግን ድምፅ አይሆንም። ጠቡ ያለው አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ነው። ግማሹ የምክር ቤት አባል ሕጉን ይወደዋል፤ ዘጠኝን ሲያይ ግን ይሸሻል። «ያለፈ ፍርድ ከተከፈተ ማቆሚያ የለውም» ይላሉ። በመተላለፊያው ላይ የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። እኔ ዘጠኝን አለቅም። ሕጉ ቢወድቅም ይውደቅ፣ ከዘጠኝ ጋር ይውደቅ። ለዚህ ነው የጀመርኩት።

ሌላ የምነግርሽ ብዙ የለም። ሰሞኑን ጠረጴዛ ቀይረውኛል፤ አዲሱም አይከፋም፣ ጸጥ ያለ ነው። እማዬ ደህና ናት። ሕንፃው ዐሥራ አራተኛ ፎቅ ደርሷል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከወደዚህ የመጣ ሰው አነጋግሮሽ ያውቃል? ካለ ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ጥር 20

ወንድሜ፦

አዎ፣ መጥቷል። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። ወንበር አስመጥቶልኝ «እህቴ» እያለ አነጋገረኝ። ይቅርታ ተዘጋጅቶልሻል፣ በሳምንት ውስጥ ቤትሽ ትገቢያለሽ አለኝ። እስክሪብቶውንም ከፍቶ ሰጠኝ። ወረቀቱን አነበብኩት፤ «ሕጉን እያወቅሁ ጥፋቱን ፈጽሜያለሁ» ይላል። «ይቺን እያወቅሁ የምትለዋን ሰርዛት» አልኩት። «እሷ ከተሰረዘች ወረቀቱ ዋጋ የለውም» አለኝ። «ለእኔም እሷ ካለች ዋጋ የለውም» ብዬ እስክሪብቶውን ከድኜ መለስኩለት።

ያልነገርኩህ እንዳትጨነቅ ነው። በዚህ አትቆጣኝ፤ አንተም ደብቀኸኛልና። ነርሷ ልትጠይቀኝ መጥታ ሁሉንም ነገረችኝ። ጠረጴዛ ቀየሩኝ ማለት ከማርቀቅ ሥራ አንሥተው ምድር ቤት አሮጌ ጥራዝ ትደረድራለህ ማለት ነው ለካ! በመተላለፊያው የሚሉትንም ሰምቻለሁ። «የእስረኛዋ ወንድም ለእህቱ ሕግ ጻፈላት» ነው የሚሉት።

ስለዚህ ስማኝ፤ ታላቅህ ነኝና። ዘጠኝን አውጣው።

አትንጫጫ። አስቤበት ነው። ዘጠኝ እስካለ ድረስ የእኔ ሕግ ነው ይሉታል። እኔ ደግሞ የግል ሕግ አልፈልግም፤ ምን ላደርገው? አንተ «ከዘጠኝ ጋር ይውደቅ» ስትል የሚወድቀው ዘጠኝ ብቻ አይደለም። ነገ ሱቋን ከፍታ፣ ከሽርጧ ጋር ተይዛ የምትገባው ሴትም አብራ ትወድቃለች። ፍርዴን እጨርሳለሁ። ያላወቅሁትን አውቄ ነበር ብዬ አልፈርምም፤ የምትመጣዋ ሴት ደግሞ እንደ እኔ እንድትገባ አልፈቅድም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ እችላለሁ፤ እጄ የሠራተኛ እጅ ነው።

ሴቶቹ ሁሉ ሰላም ብለውሃል። ለዘጠኝ አልቅሰዋል፤ በተለይ ሙሽራዋ። በኋላ ግን «አውጣው በይው» ያሉኝ እነሱም ናቸው።

እህትህ

የካቲት 26

ለእትዬ፦

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አላክሁትም። የምታመጣልሽ እማዬ ናት። አትደንግጪ፤ እሷ አልደነገጠችም።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ለሁለት ሳምንት ያህል ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ዘጠኝን የማውጣት ሥልጣኑ የሰብሳቢዋ ነው፤ ነገር ግን «አንተ ካላልክ አላወጣም» ብለውኛል። ሄጄ መናገር አቃተኝ። አንድ ቀን ወደ ቤት ስገባ እማዬ ራዲዮኑን አቅፋ ተቀምጣለች። ክርክሩን ሰምታለች። «ለጤና ጣቢያ ቁልፍ በመቅረጿ የታሰረችው ሴት» ሲሉ ሰምታ፣ ሌላ ሰው ሊሆን እንደማይችል ገብቷታል።

የምትወድቅ መስሎኝ ሮጥኩ። እሷ ግን ተነሥታ በጥፊ አለችኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ! ከዚያ እንዲህ አለችኝ። «እናንተ፣ ሕጉን ከሰው ደበቁ ብላችሁ አገር ታንቀጠቅጣላችሁ። እኔን ልጄ የት እንዳለች ደብቃችሁ ፎቅ ታስቆጥሩኛላችሁ። ሰው ያላወቀውን ይችለዋል ያላችሁ ማን ነው? የማልችለው ያልነገራችሁኝን ነው።»

ምን እላለሁ? መሬት ላይ ተቀምጬ ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አነበብኩላት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እስክሪብቶውን ከድነሽ የመለስሽበት ላይ ስደርስ «ልጄ ናት» ብላ ጉልበቷን መታች። ዘጠኝ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። «አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ። አልችልም አልኳት። «እሷ ከቻለችው አንተ አልችልም የማለት መብት የለህም» አለችኝ።

በማግሥቱ ሄጄ ለሰብሳቢዋ ነገርኳቸው። ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ። ዘጠኝ ወጣ። ትናንት ድምፅ ተሰጠ። እኔ ምድር ቤት፣ በጥራዞቹ መካከል ሆኜ በድምፅ ማጉያው ሰማሁት። ሕጉ በሰፊ ብልጫ አለፈ። መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ክልከላዎቻቸውን በሁለት ወር ውስጥ ለመዝገቡ እንዲያስረክቡ ታዘዋል። ደስ አለኝ ብዬ ልጽፍልሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ። ያንቺን በር ከፍቼ ሳይሆን ዘግቼ ነው የወጣሁት፤ እንዲህ ነው የሚሰማኝ።

እማዬን ደረጃ ላይ ያዣት። ልብሷ ውስጥ የሸሸገችው ነገር ካለ ለጠባቂዎቹ አሳዪ፤ ሕግ እንዳትተላለፍብን።

ወንድምሽ

ግንቦት 30

ለእትዬ፣ በታላቅ ጥድፊያ፦

«እዚህ ምን ጉድ መጣ? ጠባቂዎቹ ቁልፎቻቸውን ደብቀው ነው የሚሄዱት። ሳያቸው ፊታቸውን ያዞራሉ» ብለሽ ጠይቀሻል። ልንገርሽ።

የወንጀሎች መዝገቡ ወጣ። የንብረት ጥበቃው መሥሪያ ቤት እስከ መጨረሻው ቀን ሲያንገራግር ቆይቶ መመሪያውን አስረከበ። በግልጽ ቋንቋ ተጻፈ፤ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ በየፖስታ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ደጅ ተለጠፈ። «ትምህርት ቤትን፣ ጤና ጣቢያን፣ መጸዳጃ ቤትን ጨምሮ የማንኛውንም የሕዝብ ሕንፃ ቁልፍ ያለ ፈቃድ ያስቀረጸ ወይም የቀረጸ ሰው ሁለት ዓመት ይታሰራል።» ሰዉ አነበበ። አንብቦም ኪሱን ዳበሰ።

የመጀመሪያዋ ያቺ ነርስ ናት። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ትርፍ ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ቁልፍ ቀራጯን ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ሕጉ እዚህ ተጽፏል፤ እሰሩኝ» አለች። ተረኛው ፖሊስ «ሂጂ፣ ሥራ አታስፈቺኝ» ሲላት አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ከሰዓት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጣ፤ የመማሪያ ክፍሎቹ ቁልፎች በገመድ ተሰክተው አንገቱ ላይ። ቀጥሎ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ፣ የመዋለ ሕፃናቱ ሞግዚት። በማግሥቱ ሰልፉ ጎዳናውን ዞረ። ወሬው ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። በየጣቢያው ሰው ቁልፉን ይዞ «እሰሩን» ይላል። ማንም አልጮኸም፣ ድንጋይ አልወረወረም። በሕጉ መሠረት እጁን የሰጠ ሰው ምን ይባላል?

የከተማችሁ ፖሊስ አዛዥ በመጨረሻ ተነሥተው የጣቢያውን የራሱን በር ቁልፍ አወጡ። «ይሄንንም የቀረጸችው እሷው ናት። ያዘዝኳትም እኔ ነኝ» አሉ። የማረሚያ ቤታችሁ ቁልፎችም እንደዚያው ያለ ፈቃድ የተቀረጹ ናቸው መሰለኝ። ጠባቂዎቹ ፊታቸውን የሚያዞሩት ለዚህ ነው፤ አትቀየሚያቸው።

ትናንት መሥሪያ ቤቱ ራሱ መመሪያውን ሻረው። ከእኛ ወገን ማንም አላስገደዳቸውም። ተደብቆ የቆየው ነገር አደባባይ ወጥቶ ሲነበብ ራሳቸውም መከላከል አቃታቸው። አንቺ ደግሞ ይህን ስሚ። ነባሩ የወንጀል ሕግ፣ አንድ ድርጊት ወንጀል መሆኑ ከቀረ የተፈረደበት ሰው ቀሪ ቅጣቱ ይቆማል ይላል። ይሄ ከድሮ ጀምሮ የተጻፈና ማንም የሚያውቀው አንቀጽ ነው። ዘጠኝ አላስፈለገንም። ያስፈለገን መመሪያው መነበቡ ነበር።

ማመልከቻሽን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። አንብቢው፤ «እያወቅሁ» የምትል ቃል የለችበትም። ፈርሚ።

ስለ እኔ ለጠየቅሽው፣ አሁንም ምድር ቤት ነኝ። ነገር ግን ለመዝገቡ ቢሮ ሲፈለግ ባዶ የተገኘው ክፍል ከእኔ ጎን ያለው ሆነ። ሰብሳቢዋም «ወደ ላይ ከምናመጣህ መዝገቡ ወደ አንተ ይውረድ» አሉ። እንግዲህ የመዝገቡ ቋንቋ አራሚ ሆኛለሁ።

ወንድምሽ

ሰኔ 22

ለነጠላ ሰረዝ፦

እኔ ሱቄ ውስጥ ነኝ። እማዬ ደጁ ላይ ወንበር አውጥታ፣ ላልጠየቃት ሁሉ የእኔን ነገር ትተርካለች። በእሷ አፍ እስክሪብቶውን መመለሴ ብቻ አይደለም፤ ሰውዬውንም በጥፊ ብያለሁ።

«በሩ ሲከፈትልሽ ምን ተሰማሽ?» ብለሃል። ደስታ ብዬ ብጽፍልህ በወደድኩ። መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው። በሩ ውጭ ቆሜ፣ ወዴት እንደምሄድ አውቄ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። ክረምቱን ልጀምር ነው፤ በጋውን ማን ይመልስልኛል? ነርሷ መጥታ ስታቅፈኝ ነው ያለቀስኩት። እሷ «ይቅርታ» ትላለች፣ እኔ «ለምኑ?» እላለሁ። ሕፃኗ ድክ ድክ ማለት ጀምራለች አለችኝ። ያኔ ደስ አለኝ።

ባለፈው እሑድ ወደ ማረሚያ ቤቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ በእንግዳ በር። ደብዳቤ አንባቢያችን የያዝኩትን ሲፈትሽ የመዝገቡን ጥራዝ አገኘና «ይሄማ ሊታገድ አይችልም፤ የሕዝብ ነው» ብሎ ራሱ ተሸክሞ አስገባልኝ።

ችግኝ ሻጯ የራሷን ክልከላ እንድፈልግላት ለመነችኝ። አገኘሁት። ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። የታሰረችበትን ክልከላ ቃል በቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ክልከላው የወጣው ለብርቱካን ነው፤ ሎሚ የሚል ቃል የለበትም። «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። ደገምኩላት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ፀጉሯን ጠቅልላ አሰረችና «ወረቀት ስጡኝ» አለች። የሙሽራዋም ነገር እንዲሁ ያጠራጥራል፤ ክልከላው ስለ ግድቡ ውስጥ እንጂ ስለ ፊት ለፊቱ አይናገርም። ማመልከቻዎቹን የጻፈችው ያቺ እያወቀች የሰረቀችው ናት፤ ከሁላችን የሚነበብ ጽሕፈት ያላት እሷ ነች። ስትጨርስ የራሷንም ገጽ ገለጠችና አየችው። «የኔ ልክ ነው» አለች፣ ዘጋችው።

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከነርሷ ጋር እንመጣለን፤ ማመልከቻዎቹን ይዘናል። ሰብሳቢዋን ቀጠሮ ያዝልን። ቀጠሮ የለም ካሉህም አትከራከር፤ ደረጃው ላይ ቁጭ እንላለን። መቀመጡን እንደሆን ተምሬ ወጥቻለሁ።

እህትህ